ላባው ለማን ይሰጥ?

ሠዓሊዋ ሰኞ ከሰዓት መጽሐፉን በጉያዋ ሸጉጣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ደስታዋ ከፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እርግጥ መጽሐፉ ገና መጽሐፍ አልሆነም፤ በሙጫ የተያያዘ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ የሙከራ ቅጂ ነው። ቢሆንም ከዐሥራ ሁለት ሕዝቦች የተሰበሰቡ ዐሥራ ሁለት የልጆች ተረቶች አሉበት፤ ሥዕሎቹም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእሷ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቷ እስኪደነድን አቀርቅራ ስላቸዋለች። የበኩር መጽሐፏ ነውና መንገደኛውን እያስቆመች "እስቲ እዩልኝ" ለማለት ትንሽ ነበር የቀራት።

አሳታሚ ቤቱ የማይታጠፍ ደንብ አለው። ተረቱን የነገረው ሰው የሙከራ ቅጂውን ሰምቶ፣ ሥዕሉንም አይቶ፣ "አዎ፣ እኔ ያልኩት ይህንኑ ነው" ብሎ ካልፈረመ ተረቱ አይታተምም። ደንቡን ያወጡት ዋና አዘጋጇ ናቸው። ሠራተኛው እሳቸው በሌሉበት "እትዬ ነጠላ ሰረዝ" ይላቸዋል፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ከሳተች ምሳ አይበላላቸውምና። ዐሥራ አንዱ ተራኪዎች ፈርመዋል። የቀሩት አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፉ ሐሙስ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል። ሠዓሊዋ የፊርማውን ነገር እንዳለቀ ቆጥራው ነበር።

የሽማግሌው ሱቅ፣ ሱቅ ከተባለች፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካለው ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባባትም። የተሰበሩ ጃንጥላዎች ከጣሪያዋ እንደ ሌሊት ወፍ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ጥቁር ክርና በቆርቆሮ ጣሳ የተሞላ የጃንጥላ እጀታ አለ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እያጉረመረመች ትሠራለች።

"ደህና ዋሉ አባባ? ይዤልዎት መጣሁ!" አለች ሠዓሊዋ።

"ምን? ጃንጥላ?"

"መጽሐፉን ነዋ!"

"እኔ ደግሞ ሥራ መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ ሰዉ የተሰበረውን ጥሎ አዲስ ይገዛል።" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "በይ አንብቢልኝ። ዓይኔ ለደቃቅ ፊደል ሰንፏል።"

ሠዓሊዋ ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። ተረቱ አጭር ነው። ምድር በድርቅ በተሰነጠቀችበት ዘመን የዝናብ ወፍ ክንፏን ሙቀት መቶት ውሃው ከነጠፈ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ጉድጓድ ቆፋሪው ጆሮው መሬትን ማዳመጥ የለመደ ነበርና ሌላው ሁሉ ሲያልፍ እሱ ድምጿን ሰማ። ሸማኔዋ ገመድ ቢታጣ አንድያ ልብሷን ተርትራ ገመድ ገመደች። አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ቀላል ነበረችና በዚያ ገመድ ወደ ጨለማው ወርዳ ወፏን በብብቷ ይዛት ወጣች። ወፏም ነፍስ ስትዘራ እንዲህ አለች፤ "ያለኝ አንድ የዝናብ ላባ ነው። የያዘው ሰው በሄደበት ሁሉ ይዘንብለታል። ሦስታችሁም አድናችሁኛል። ለማን ልስጥ?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ ከንፈራቸውን አብረው ያንቀሳቅሱ ነበር። ሠዓሊዋ የመጨረሻዋን መስመር ከፍ ባለ ድምፅ አነበበች። "ወፏም ላባውን ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷም በረገጠችበት ሁሉ ዝናብ ዘነበ።" ሥዕሉንም አዞረችላቸው። ከሥዕሎቿ ሁሉ የምትወደው ይህንን ነው። ልጅቷ ቆማ፣ ሰማያዊው ላባ ጸጉሯ ላይ ተሰክቶ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አርፋ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። "ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ከየት መጣች?"

"ከእርስዎ ነዋ አባባ። ከተቀረጸው ድምፅዎ።"

"ከእኔ? እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም።"

"እኔ ነኝ!" ልጅቷ እርሳሷን ወርውራ ተነሳች። "እኔ ነኝ ያልኩት! ያኔ መቅጃ የያዘው ሰውዬ የመጣ ጊዜ። 'ለማን ትስጥ?' ስትለኝ 'ለልጅቷ፣ ከዚያ በሄደችበት ዘነበ' አልኩህ። አንተም ስቀህ 'እንዳልሽ ይሁን' አልከኝ። ረሳኸው እንዴ አባዬ?" ሥዕሉን አየች፤ ከንፈሯን ጣል አደረገች። "ደግሞ እኮ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። አሁን ለሸማኔዋ ነው የምለው። ያኔ ትንሽ ነበርኩ።"

ሠዓሊዋ ነገሩ ወዲያው ገባት። ድምፁን ወደ ጽሑፍ የገለበጡት ዋና አዘጋጇ ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጽሑፍ ሲያጸዱ እንደ ሩዝ ነው፤ "እሺ"ውን፣ "ከዚያስ"ውን፣ የሰሚውን ሳቅና ሳል አንድ በአንድ ለቅመው ያወጣሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ግን የተረት መጨረሻ ስለመሰለቻቸው አሳምረው አስቀምጠዋታል። እሷ ደግሞ የዚያችኑ ዓረፍተ ነገር ሥዕል ሥላለች።

"ልጄ፣" አሉ ሽማግሌው፣ "በእኛ ዘንድ ይህ ተረት ጫፍ የለውም። ተራኪው 'ለማን ልስጥ?' ካለ በኋላ አፉን ይዘጋል። የቀረው የሰሚው ነው። እናቴ 'ለቆፋሪው' ትል ነበር። አባቴ 'ለሸማኔዋ'። አርባ ዓመት ተጨቃጨቁበት፤ ሳይሸናነፉ ሞቱ። የዚች አባት በስድስት ዓመቱ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ለማንም አትስጥ፤ ነገም ብትወድቅ የሚያወጣት ሰው መደለያ ትያዝ።' ነጋዴ እንደሚሆን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።" ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። "ስንቱን ሰው ረስቻለሁ። መልሱን የነገረኝን ግን አልረሳሁም። አሁን እናንተ መልሱን ጽፋችሁ፣ በቀለምም ስላችሁ ስትሰጡት የሚቀጥለው ልጅ ምን ይበል?"

እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"አልተቀየምኩም። እጅሽም ወርቅ ነው። ግን ይህ የእኔ ተረት አይደለም፤ አልፈርምም።"

"አባባ፣ ካልፈረሙ እኮ ከመጽሐፉ ይወጣል።"

"ይውጣ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ይከፋኛል። በዚህ ከተማ ከወገኔ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህቺም ቋንቋዬን አታውቅም፤ ተረቱን ግን ታውቃለች። በሰው እጅ ገብቶ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ተሳስቶ ከሚታተም ቢቀር ይሻላል።"

ሠዓሊዋ በቀጥታ ወደ ቢሮ ተመለሰች። ዋና አዘጋጇ ወሬውን እንደሰሙ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የተቀረጸውን ድምፅ ከፈቱና ሰሙ፤ መልሰው ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"የልጅ ድምፅ ነው። ቁልጭ ያለ የልጅ ድምፅ! ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ..." ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዓረፍተ ነገሯን አወጣታለሁ። ሥዕሉን ግን አንቺ ነሽ። እስከ ረቡዕ ማታ ካልፈረሙ ጥንቸሏን አስገባለሁ።"

ጥንቸሏ መሳቢያ ውስጥ የምትኖር ተጠባባቂ ተረት ናት። የማንም ስላልሆነች የማንንም ፊርማ አትፈልግም። ሠዓሊዋ ጥንቸሏን ጠምዳ ይዛታለች።

ማክሰኞን በሙሉ ከብሩሽ ጋር ስትታገል ዋለች። መጀመሪያ ወፏን ላባውን በአፏ ይዛ በሦስቱ ሰዎች ፊት ሣለቻት፤ ጸጉር ላይ የተሰካ ነገር የለም። ቀለሙ ሳይደርቅ ይዛው ወደ ደረጃው ሥር ሮጠች። ሽማግሌው አዩትና ለልጅ ልጃቸው ሰጧት።

"ለማን የምትሰጥ ይመስልሻል?"

"ለቆፋሪው። ዓይኗ እሱ ላይ ነው።"

እውነትም ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። ሠዓሊዋ ተመልሳ ወፏን ጀርባዋን ሰጥታ ሣለቻት። ይህንን ደግሞ አውቶቡስ እየጠበቀች ወጋቸውን ስትሰማ የቆየች አንዲት ባለዘንቢል ሴትዮ ከትከሻቸው በላይ አጮልቃ አየችውና ማንም ሳይጠይቃት "ለሸማኔዋ ነዋ! መሃል የቆመችው እሷ አይደለች?" አለች። ሦስተኛው ሥዕል ላይ ሦስቱም በክብ ቆሙ፤ መሃል የለም፣ ዳር የለም። የልጅ ልጃቸው አገጯን በመዳፏ ደግፋ ጥቂት አሰበች።

"ለትንሿ ልጅ።"

"ደግሞ ለምን?" አለች ሠዓሊዋ፤ ትዕግሥቷ ተሟጧል።

"ቀይ ያለበሽው ለእሷ ብቻ ነዋ።"

ሠዓሊዋ የጃንጥላ ሽቦ ክምር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ብድግ አለች፤ ሽቦው ወግቷታል። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ሽማግሌውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ሥዕል ዝም ማለት አይችልም አባባ፣" አለች ሠዓሊዋ ቀሚሷን እያራገፈች። "ምንም ብሠራ አፉን ይከፍታል። እስቲ እርስዎ ሲነግሩ ፊትዎ ምን ይመስላል? እሱን ልሣለው።"

"እኔ እንጃ። አይቼው አላውቅም።"

"ይንገሩኝና ልየው።"

ሽማግሌው ባለዘንቢሏን ሴትዮ ጠሩና ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመሩላት። አውቶቡሷ መጣ፤ ሄደ፤ ሴትዮዋ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። "ለማን ልስጥ?" ላይ ሲደርሱ ሠዓሊዋ እርሳሷን አዘጋጅታ አንገቷን አሰገገች። ግን የሚሣል ፊት አልነበረም። ሽማግሌው ጥያቄውን እንደጨረሱ አንድ የተቀደደ ጃንጥላ አንስተው ከፈቱት፤ ከጀርባው ገብተው መስፋት ጀመሩ። ሴትዮዋ የጥቁር ጨርቅ ክብ ብቻ ነው የሚታያት። የምታነብበው ዓይን ስታጣ ወደ ላይ ወደ ሰማዩ አየች፤ ከዚያ ከራሷ ጋር መነጋገር ጀመረች።

"ቆፋሪው መስማቱ መልካም፤ ግን መስማት ምን አስከፈለው? ሸማኔዋ ግን ራቁቷን... ቆይ፣ ቆይ። ልጅቷስ?"

ሠዓሊዋ እርሳሷን አስቀመጠች። ለሁለት ቀን ስትፈልገው የነበረውን አገኘችው። ሽማግሌው ለሰሚው የሚሰጡት የሚያየው ነገር አይደለም፤ የሚያየው ነገር ማጣትን ነው።

ረቡዕ ማለዳ ዋና አዘጋጇ ፊት ቆማ "ባዶ ገጽ ነው የምፈልገው፣" አለች።

"ምን የሌለበት?"

"ምንም የሌለበት። 'ለማን ልስጥ?' ይላል፤ ልጁ ይገልጣል፤ ባዶ። ተረቱ እዚያ ያበቃል።"

ዋና አዘጋጇ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ፣ ሌላ ጊዜም ነገር ሲከብዳቸው እንደሚያደርጉት፣ የማተሚያ ክፍሉን ኃላፊ አስጠሩ። እሱም ጥፍሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠርቶ የማያውቅ፣ ድምፁ ማሽን ለማሸነፍ የተሠራ ሰው ነው።

"እህት ዓለም፣ አእምሮሽ ደህና ነው?" አለ ከበሩ ሳይገባ። "ማሽን ላይ ያሉት ልጆቼ ባዶ ገጽ ያለበት ወረቀት ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ? ቀለም አልያዘም ብለው ይጥሉታል። እንዲጥሉት ደግሞ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጥራዙ በሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ይገባልሻል።"

"ቢያልፍ እንኳ ወላጅ 'የተበላሸ ሸጣችሁልኝ' ብሎ ይመልሰዋል፣" አሉ ዋና አዘጋጇ። "ደግሞስ ገጹ ከየት ይመጣል? አንዱ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ ዐሥራ ስድስት ገጽ ነው። ስድስት ወረቀት፣ ዘጠና ስድስት ገጽ። ዘጠና ስድስቱም ሞልቷል፤ አሮጌው ሥዕል ያለበትም ገጽ ጽሑፍ ይዟል። ዘጠና ሰባተኛ ብሎ ነገር የለም።"

ሠዓሊዋ ለዚህኛው መልስ ይዛ ነው የመጣችው፤ ለመናገር ግን ምራቋን መዋጥ ነበረባት። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ "ስለ ሠዓሊዋ" ይላል። ከሥሩ ፎቶግራፏና አንድ አንቀጽ አለ። አንቀጹን አራት ጊዜ ጽፋዋለች፤ ለእናቷም በስልክ አንብባላቸዋለች።

"የእኔን ገጽ አውጡት።"

ዋና አዘጋጇ አተኩረው አዩአት።

"እርግጠኛ ነሽ? የመጀመሪያሽ እኮ ነው።"

"ስሜ ሽፋኑ ላይ አለ አይደል? ይበቃኛል። የሚያሳስበኝ ለእናቴ የምነግራት ነው።"

ኃላፊው ጥቁር ጥፍሩን ጢሙ ውስጥ አስገብቶ አከከ። "ፍሬም አድርጊበት፣" አለ በመጨረሻ። "ቀጭን። ዙሪያውን ትንሽ ቀለም ከያዘ ልጆቼ ሆን ተብሎ መሆኑ ይገባቸዋል። ወላጁም ይገባዋል። መሃሉ ግን ባዶ ይሁንልሽ።"

"አንተ ሰው፣ ለካ ጭንቅላትም አለህ!" አሉ ዋና አዘጋጇ።

"አለኝ እትዬ፤ ማሽኑ ስለሚጮህ አይሰማም እንጂ።"

ሠዓሊዋ የደረቀ አፈር የሚመስል ቀጭን ፍሬም ሣለች። ሰው የለበትም፣ ወፍ የለበትም፣ ቀይ የለበትም። ለእናቷ ደውላ ስትነግራቸው እናቷ "ታዲያ ባዶው ገጽ ያንቺ ነው ብዬ ለጎረቤት አሳያለሁ፤ ማን ይከራከረኛል?" አሏት።

ረቡዕ ከሰዓት ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ንባብ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ድረስ የምታሳጥፍ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "ልጅ ፊት ካልተነበበ አልፈርምም" ያሉት እሳቸው ናቸው። ዋና አዘጋጇ የፊርማውን ወረቀት ይዘው ከመደርደሪያው አጠገብ ቆመዋል፤ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ ያያሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወይ ሽማግሌው ወይ ጥንቸሏ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለዋል። ሠዓሊዋ የተስተካከለውን የሙከራ ቅጂ አነበበች።

"...ለማን ልስጥ?"

ገጹን ገለጠችና መጽሐፉን ወደ ልጆቹ አዞረች። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ምንም የለውም፣" አለ አንዱ።

"ተበላሽቷል።"

"አልተበላሸም፤ ዳሩ ተሥሏል እኮ።"

"ታዲያ ለማን ሰጠችው?"

ሠዓሊዋ አፏን ልትከፍት ስትል ሽማግሌውን አየቻቸው፤ ራሳቸውን በትንሹ ግራና ቀኝ አወዛወዙ። አፏን ዘጋች። መጽሐፉን ብቻ ከፍ አድርጋ ያዘች።

"ለሸማኔዋ ነው፣" አለች የልጅ ልጃቸው፣ ተነሥታ፣ ወገቧን ይዛ። "ልብሷን ነው የተረተረችው፤ በቃ!"

"ልብስ ይገዛል! ልጅቷ ብትወድቅስ? ትሞት ነበር!"

"ቆፋሪው ባይሰማ ማን ይወርድ ነበር? አንተ?"

"እኔ እወርዳለሁ!"

"አንተ? መጸዳጃ ቤት ብቻህን የማትሄደው!"

ክፍሉ ቀለጠ። መምህርታቸው "ቀስ፣ ቀስ" ብትልም የሚሰማት አልነበረም። ሠዓሊዋ ክንዷ እየዛለ መጽሐፉን አላወረደችም፤ ልጆቹ ሲከራከሩ ባዶው ገጽ ላይ እያመለከቱ ነው፤ "እዚህ ጋ ቆፋሪው፣ እዚህ ጋ ልጅቷ" እያሉ። ሽማግሌው እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ያያሉ። እሷ ፊታቸውን ለማንበብ ሞከረች፤ አልተነበበላትም።

ከኋላ በኩል ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ቆይታለች። ማንም ስላላያት በመጨረሻ ጮኸች።

"ገመዱን ማን ያዘው?"

"የቱን ገመድ?"

"ልጅቷ ስትወርድ! ከላይ የያዘው ሰው ማነው? ካልተያዘ እኮ ከነገመዱ ትወድቃለች።"

ልጆቹ ወደ ገጹ ዞሩ፤ እዚያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ የሚጠርጉበት ጨርቅ ስላልያዙ በእጅጌያቸው ጠረጉት።

"ገመዱን..." አሉ። "ስልሳ ዓመት ስነግረው ኖሬ... እናቴም፣ አባቴም... ገመዱን የያዘው?" ከዚያች ትንሽ ወንበር ለመነሣት ታገሉ፤ ወንበሯ ተከትላቸው ተነሣችና መልሳ ወደቀች። ጥርሰ ወላቃዋን ልጅ በጣታቸው ጠሩአት። "ነይ ወዲህ። ነይ እስቲ አጠገቤ። አንቺ ማን ይመስልሻል?"

"ሁለቱም ይዘውት ይሆናል፣" አለች የልጅ ልጃቸው በቅናት።

"ዝም በይ አንቺ፣ ሐሳብሽን አንዴ ቀይረሻል። እሷን ነው የጠየቅሁ።"

"መንገደኛ ነው፣" አለች ጥርሰ ወላቃዋ። "ሲያልፍ 'እስቲ ያዝልን' አሉት። ከዚያ ሄደ። ስሙን አልጠየቁትም።"

"ስሙን አልጠየቁትም!" ሽማግሌው ጭናቸውን መቱ። "ታዲያ ወፏ ላባውን ልትሰጠው ብትፈልግ የት ታገኘዋለች? እ? መልሺልኝ!"

"ትብረራና ትፈልገው! ወፍ አይደለች?"

ዋና አዘጋጇ ሰዓታቸውን አዩና በእግራቸው ጫፍ መጥተው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀበሏቸው። ሽማግሌው ምን እንደሆነ ሳያዩ ተቀበሉ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከልጅቷ ሳይነቅሉ፣ የተጣመመ ፊርማቸውን አሳረፉበት።

"እሺ ትብረር፣" አሉ እስክሪብቶውን እንደ ዱላ እያወዛወዙ፤ "ግን ክንፏን ሙቀት መትቶታል አላልኩም? በምን ትብረር? ኧረ አልለቅሽም፤ በይ መልሺ!"

ሠዓሊዋ ክንዷን ልታሳርፍ መጽሐፉን ዝቅ ስታደርግ ሃያ ድምፅ በአንድነት ጮኸባት።

"አትዝጊው!"